መቶ ኪሎ ሜትሩ ስንት ሰዓት ነው?

ከአዲስ አበባ አዳማ 99 ኪሎ ሜትር ነው። በአሮጌው የባቡር ሐዲድም ሆነ በአሮጌው የመኪና መንገድ ቢለካ ከመቶ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላን በቀጥታ ቢበር ደግሞ ከ80 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ሰዓቱ ግን እንደየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ቀን ሆኗል፣ ግማሽ ቀን ሆኗል፣ ደቂቃም ሆኗል። የመንገዱን ታሪክ ከሥሩ ለተከተለው ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ብቅ ይላል፦ ሰዓቱን ይበልጥ የሚበላው ጉዞው አይደለም። ማደሪያው፣ ወረፋው፣ ጥበቃው ነው።

በ1879 ዓ.ም. ገደማ እንጀምር። ግጥም መጻፍ ከተወ ዓመታት ያለፉት ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በዚያን ጊዜ የጠመንጃ ነጋዴ ነበር። ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ የተነሣው በጥቅምት ወር ገደማ ሲሆን፣ አንኮበር የደረሰው ጥር ሲያልቅ ነው። አራት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ንጉሡን ፍለጋ እንጦጦ ወጣ፤ ሒሳቡ ተቆራርጦ ተቆራርጦ ካለቀለት በኋላም ገንዘቡን ሐረር ሄዶ ከመኮንን፣ ከኋለኛው ራስ፣ እንዲቀበል ታዘዘ። ቀለል ብሎ የተመለሰበት መንገድ ሃያ ቀን ያህል ወሰደበት። ከእንጦጦ በምንጃር በኩል ቁልቁል ወረደ፣ አዋሽን ተሻገረ፣ ጨርጨርን አቋርጦ ሐረር ገባ። አብሮት የነበረው ሌላው ፈረንሳዊ ዥዩል ቦሬሊ ነው።

በዚህ ስሌት በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ በቀን የሚገፋው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ዛሬ አዳማ ያለችበት ሜዳ ለእንጦጦ ሰው የአራት ቀን መንገድ ነበር ማለት ነው። ከብት ውሃ ሲጠጣ፣ ጭነት ሲራገፍና ሲጫን፣ ኬላ ላይ ቀረጥ ሲከፈል የሚባክነው ጊዜ ሲጨመር አራቱ ቀን አምስትም ስድስትም ይሆናል። ግመል ደግሞ ደጋ ላይ አይመቸውም፤ የቆላው ጭነት ወደ ሸዋ ዳገት ሲቃረብ ወደ በቅሎና አህያ ጀርባ ይዛወራል። ይህን የዕቃ ማዛወር ሥራ እናስታውሰው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ሞጆ ላይ በኮንቴይነር መልክ እናገኘዋለን።

ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከወደቡ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኝ ባዶ ሜዳ ደረሰ። ድሬዳዋ የተወለደችውም ያኔ ነው። ከዚያ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ደግሞ መስመሩን ማን ይቆጣጠረው በሚለው ላይ ተሻኮቱ። አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው እስኪቀጥል ዓመታት አለፉ። ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በስምጥ ሸለቆው ወለል እየተጓዘ መተሐራን፣ ወለንጪቲን፣ አዳማን፣ ሞጆንና ቢሾፍቱን ነክቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ለእኔ የዚህ ሐዲድ ዋነኛ ሥራ አዲስ አበባን ከባሕር ማገናኘቱ ብቻ አይደለም። ከተማ ያልነበረበትን ቦታ ከተማ ያደረገው ባቡሩ የሚቆምበት ደቂቃ ነው። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ውሃ ይጠማዋል፤ በየተወሰነው ርቀት ቆሞ መጠጣት አለበት። እሱ ሲቆም መንገደኛው ይራባል፤ ስለዚህ ዳቦና እንቁላል የምትሸጥ ሴት ትመጣለች፣ ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ነጋዴው መጋዘን ይሠራል። የሞጆም የአዳማም ገበያ ያደገው ከጣቢያው አጠገብ ነው። ባቡሩ እንደ አውሮፕላን ሳይቆም የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ አዳማ ስንት ዘመን ሜዳ ሆና ትቆይ ነበር?

ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት በሌሊት አይሄድም ነበር። ከአዲስ አበባ ጠዋት የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት አዋሽ፣ ሁለተኛውን ድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። በአዋሽ ጣቢያ የተሠራው ሆቴል፣ ሰዉ ቡፌ ዳዋሽ የሚለው፣ ለዚሁ ሌሊት የታሰበ ነው። ከአዲስ አበባው ጣቢያ ከለገሃር አዋሽ በአንድ ቀን ብርሃን የሚያልቅ ከሆነ አዳማ የግማሽ ቀን መንገድ ሆነች። ከአራት ቀን ወደ ግማሽ ቀን፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ መስመር ላይ የታየ የትኛውም ለውጥ ይህን ያህል አላሳጠረም። ፈጣኑ መንገድም ቢሆን።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ደግሞ ከሰማይ ድምፅ ተሰማ። ፖቴዝ 25 የተባለ ባለሁለት ክንፍ አውሮፕላን አንድሬ ማዬ በተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ እየተነዳ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። የባቡሩን ሦስት ቀን ሰዓታት አደረገው። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ለስምጥ ሸለቆው ነዋሪ ግን ይህ ወሬ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ ያልፋል፣ ጥላው ያልፋል፣ የሚያራግፈው ነገር የለም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር ግን የተለመደውን የጊዜ ሰሌዳ አልጠበቀም። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ቤተሰባቸውና ባለሟሎቻቸው ተሳፍረውበታል። ማይጨው ላይ ጦሩ ከተፈታ አንድ ወር ገደማ ሆኖታል፤ የጣሊያን ሠራዊት ከሰሜን እየገሰገሰ ነው። ባቡሩ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ቁልቁል ወርዶ በማግስቱ ጅቡቲ ደረሰ። ሦስት ቀን የሚፈጀው መንገድ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላውም። ሞተሩ አልተቀየረም፣ ሐዲዱም ያው ነው፤ የተቀነሰው ማደሪያው ብቻ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ።

ጣሊያኖች ይዘው ከመጡት ነገር ሕዝቡ ስሙን ያልረሳው ሊቶሪና የተባለው ባቡር ነው። በናፍጣ ስለሚሠራ እንደ እንፋሎቱ ባቡር በየጣቢያው ውሃ አይለምንም፤ ስለዚህ ብዙ አይቆምም። ከነጻነት በኋላም ለረጅም ዘመን በዚሁ ሐዲድ ላይ ሲመላለስ ኖሯል፤ በዕድሜ የገፉ የአዳማና የድሬዳዋ ሰዎች ሊቶሪና ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ይለሰልሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በአሜሪካው አየር መንገድ በቲ ደብልዩ ኤ ባለሙያዎች እየታገዘ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ዳኮታዎች፣ ማለትም የዲሲ ስሪ ወታደራዊ ዝርያ የሆኑት ሲ 47 ነበሩ። ተሳፋሪው በግድግዳው ዳርና ዳር በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐል ይታሰራል። ሣር ሜዳ ላይ ስለሚያርፉ አስፋልት አይጠይቁም።

እስቲ ስሌቱን እንሥራ። ዳኮታ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። አዳማ ቢያርፍ ኖሮ ጉዞው ከሩብ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ለዚህ ሩብ ሰዓት ሲባል ሻንጣ መዝኖ፣ ስም አስጠርቶ፣ ሞተር እስኪሞቅ ጠብቆ፣ አየሩ ጠራ አልጠራ ብሎ ሰማይ ማየት አለ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ባቡሩ ቢሾፍቱን አልፏል። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ከአዲስ አበባ አዳማ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የሌለው፤ ርቀቱ ለአውሮፕላን አይበቃም።

የሚበቃው ጎባ ነው። ባሌ ጎባ ከአዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳኮታው በአንድ ሰዓት ይደርሳል። በምድር ግን ወይ በአዳማና በአሰላ ወጥቶ፣ ወይ በሻሸመኔ ዞሮ የአርሲንና የባሌን ደጋ መውጣት ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ክረምት ሲገባ፣ ጥቁሩ አፈር ሲጨቀይ፣ የጭነት መኪናው ስንት ቀን እንደሚያድር ሹፌሩም አያውቅም። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት በረራ ሙሉ ትርጉም አለው፤ የሚያድነው ቀናትን ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን በአየር መንገዱ ካርታ ላይ ጎባ አለች፣ አዳማ የለችም። ሩቋ ከተማ ከቅርቧ ቀደመች።

ቢሾፍቱ በበኩሏ አውሮፕላን አላጣችም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የአየር ኃይሉን አብራሪዎች ማሠልጠን የጀመረው እዚሁ ነው። ሰውየው በ1928ቱ ጦርነት የቀይ መስቀል አብራሪ ሆኖ ኢትዮጵያን የሚያውቅ ነበር። ለማሠልጠኛ የመጡት ስዊድን ሠራሽ ሳፊሮች በሐይቆቹ ላይ ሲሽከረከሩ ሕፃናት አንገታቸውን እስኪያማቸው ያዩ ነበር። ቮን ሮዘን በስተርጅና ተመልሶ በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጎዴ ላይ ተገደለ።

ምድሩም ዝም አላለም። ዓለም ባንክ በአፍሪካ መጀመሪያ ካበደራቸው ገንዘቦች አንዱ በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መንገድ የተሰጠው ነው፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ አዋሽን ገድቦ ሐይቅ አደረገው። አዳማ የጣቢያ መንደር መሆኗ ቀርቶ ስኳር የሚከማችባት፣ የደቡቡና የምሥራቁ መንገድ የሚገናኝባት፣ ሹፌር የሚያድርባት ከተማ ሆነች። ከዚህ በኋላ የጭነት መኪናው ባቡሩን ቀስ በቀስ ቀደመው።

ለባቡሩ መጥፎው ቀን ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ ያለውን ድልድይ መታጠፊያ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከታዩት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይባላል። ዘገምተኛ እየተባለ የሚታማ ባቡር ሰው የፈጀው በፈጠነበት ሰዓት ነው።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት አሰብ ተዘጋ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ በጅቡቲ ላይ ወደቀ። ከሚሌና ከአዋሽ የሚመጣው ተሳቢ ሁሉ አዳማን አልፎ፣ በባለሁለት አቅጣጫው ጠባብ መንገድ ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና ዱከምን እያቆራረጠ ወደ ቃሊቲ ይጎርፍ ጀመር። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። ውሳኔው ተቃውሞ አስነሣ፤ በ1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ ፊንፊኔ ተመለሰ። በነዚያ ዓመታት ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቢሮው አዳማ የሆነ ሰራተኛ መቶውን ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ይመላለስበታል። ከተሳቢ ኋላ ተሰልፎ ሁለት ሰዓት ከፈጀ ዕድለኛ ነው፤ ሦስትም ይሆናል። ባቡሩ ወደ መቃብሩ ሲያዘግም፣ ሚኒባሱ ሲቀድም፣ ስንቱ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ላይ አዘነ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ላይ የተተከለው ጽጌረዳ ስለ ርቀት አዲስ ትምህርት ይዞ መጣ። ሼር ኢትዮጵያ የተባለው የሆላንድ ባለሀብቶች እርሻ በሐይቁ ዳር ግሪንሀውሱን ዘርግቶ በዓለም ካሉት የጽጌረዳ እርሻዎች ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ጠዋት የተቆረጠ አበባ በማቀዝቀዣ መኪና 160 ኪሎ ሜትሩን ተጉዞ ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያ ሰባት ስምንት ሰዓት በሮ አውሮፓ ያድራል። ለአበባ የሚያስፈራው የአየሩ ጉዞ አይደለም። መቂ ላይ የተገለበጠ መኪና መንገድ ቢዘጋ፣ ሞጆ ላይ ሰልፍ ቢኖር፣ አስፋልቱ ላይ ፀሐይ የሚመታው እያንዳንዱ ሰዓት ከዋጋው ይቆርጣል። በሺዎች የሚቆጠረው የአየሩ ኪሎ ሜትር በሰዓቱ የሚያልቅ፣ መቶ ስድሳው ግን የማይታመን ሆነ።

ስለዚህ ፈጣኑ መንገድ ሲመጣ ሁሉም የተቀበለው በእፎይታ ነው። የቻይናው ተቋራጭ ሲ ሲ ሲ ሲ በ2002 ዓ.ም. ግንባታውን ጀመረ፤ መንገዱ መስከረም 4 ቀን 2007 ዓ.ም. ለተሽከርካሪ ክፍት ሆነ። ከቱሉ ዲምቱ አዳማ 84.7 ኪሎ ሜትር፣ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት መስመር፣ ወጪው 11.2 ቢሊዮን ብር፣ ከዚህም 57 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር። ክፍያው እንደ ርቀቱ ነው፤ ስትገቡ ካርድ፣ ስትወጡ ብር። ከብት የለም፣ ጋሪ የለም፣ ባጃጅ የለም። አዳማ ሲቃረብ በኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይታያሉ። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ መግቢያ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ግን ከፒያሳ ቱሉ ዲምቱ? ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በቃሊቲ በኩል? እዚህ ላይ አባዱላ በሚባለው ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሁሉ ይስማማል፤ ከተማዋን መውጣት ፈጣኑን መንገድ ከመጨረስ ይበልጣል። መናኸሪያው ላይ መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቀው ሲጨመርበት ደግሞ ጉዞው ተመልሶ የዱሮውን ሰዓት ይነካል።

የኤሌክትሪኩ ባቡርም ከዚህ አላመለጠም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ፉሪ ለቡ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ እስከ አዳማ ድረስ ድርብ ነው፤ የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቦ ተሠራ። የዱሮው ሐዲድ የከተማውን እምብርት ሰንጥቆ ያልፍ ነበር፤ የአሁኑ ጣቢያዎች ከከተማ ውጭ ናቸው። ለገሃር ለሰው ሁሉ የሚደረስባት ነበረች፤ ለቡ ግን በታክሲ ተለዋውጦ የሚደረስ ነው። አዳማ ላይ ወርዶም ባጃጅ መያዝ አለ። በዚህ መስመር ላይ በትክክል ፈጣን የሆነው ኮንቴይነር ነው፤ እሱ መናኸሪያ አይሄድም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ከባቡር ወደ ተሳቢ ሲዛወር የራምቦ ዘመን ግመልና በቅሎ ትዝ ይሉኛል።

በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች መስመር ደግሞ አውሮፕላኑ ዕድሉን እንደገና ሞከረ። በ2000ዎቹ መጨረሻ የሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ጀመረ። ከተማዋ የኦሮሚያ ባትሆንም ለሻሸመኔና ለአርሲ ነገሌ ሰው ከቦሌ ይልቅ ደጃፉ ናት። በረራው 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በምድር 275 ኪሎ ሜትር፣ አራት አምስት ሰዓት። ቦሌ ቀድሞ የመድረሱ ግዴታና ከማረፊያው ወደ ከተማ የመግባቱ ነገር ሲደመር በረራው ሦስት ሰዓት ይሆናል። ያም ሆኖ ያተርፋል፤ ሆኖም ሞጆ–መቂ–ባቱ የተባለው የ92 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ትርፉ እየሳሳ ነው። ግንባታው በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሐዋሳ ሲያልቅ 202 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያኔ አውሮፕላኑ ለሐዋሳም እንደ አዳማ ሊሆንባት ይችላል።

የአየሩ ደቂቃ ግን ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ነበር። ስድስት ደቂቃ ቆየ። 157 ሰው እንደያዘ በምሥራቅ ሸዋ፣ ጊምቢቹ ወረዳ፣ ቱሉ ፈራ በተባለ ቦታ እርሻ ላይ ወደቀ። የቦይንግ 737 ማክስ አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋው አውቶማቲክ ሥርዓት በተሳሳተ የመለኪያ መረጃ መሥራቱ በምርመራ ታወቀ፤ የዚህ ሞዴል አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ ከሥራ ታገዱ። የአካባቢው ገበሬዎች ከ30 በላይ አገር ለመጡ፣ ለማያውቋቸው ሰዎች በባህላቸው መሠረት አለቀሱ፤ የሟች ቤተሰቦች ሲመጡም አብረው ቆሙ። ከአዲስ አበባ ቱሉ ፈራ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ነው።

አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ አቡሴራ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ሳስቷል፤ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ መነሣት አይሆንለትም። ዋሽንግተን የሚኖር ሐበሻ ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ ሲመጣ በቀጥታ ይበራል፣ ሲመለስ ግን እንደየዘመኑ ሮም ወይ ደብሊን ወይ ሎሜ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። እንደ ዱሮው የእንፋሎት ባቡር ማለት ነው፤ ለመጠጣት ይቆማል። አቡሴራ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ግንባታው በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀመረ፤ ግምቱ 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ በስተመጨረሻ 110 ሚሊዮን መንገደኛ። መሬቱን የለቀቁት አርሶ አደሮች ግን አዲሱ ሰፈራቸው ከቀድሞ ገበያቸው ስንት እንደሚርቅ የሚጠይቁበት ጊዜ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእነሱ ኪሎ ሜትርም ይቆጠራል።

ዕቅዱ ቦሌን ከአቡሴራ በፈጣን ባቡር ያገናኛል። ስለ አዲስ አበባ መንገደኛ የተጨነቀ ዕቅድ ነው፤ ስለ አዳማው ብዙም አይልም። ለእሱ ግን ነገሩ ከመጀመሪያው ቀላል ነው፦ ቃሊቲ ሳይገባ፣ ቀለበት መንገዱን ሳያይ፣ በፈጣኑ መንገድ ሞጆን አልፎ ቢሾፍቱ ላይ ይወጣል። ከአዳማ አቡሴራ ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ አቡሴራ ካለው ብዙም አይበልጥም፤ በመንገዱም ላይ መብራትም ሰልፍም የለም። መውጫው የት ላይ እንደሚሆንና ከመውጫው እስከ ተርሚናሉ በር በምን እንደሚኬድ ከአሁኑ መጠየቅ ያለበት የአዳማ ከተማ አስተዳደር ነው።